ጸጋዬን ፍለጋ ከጎንደር ለሚነሳ ሰው

የሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅንን ዱካ ተከትዬ ልጓዝ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት አምቦ ነው። አይፈረድበትም። ጸጋዬ የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው። ጎንደር የሚኖር ሰው ግን የግድ ከዚያ መጀመር የለበትም። ደጁ ላይ ሌላ መግቢያ አለው፤ «ቴዎድሮስ» የተባለው የጸጋዬ ተውኔት።

ጎንደርና ቴዎድሮስ የተወሳሰበ ነገር አላቸው። ሐውልቱን ከተማው መሀል አቁመንለታል። አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አንዱም የሱን ስም ይዟል። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ያቃጠለውና አብያተ ክርስቲያናቷን የዘረፈውም እሱው ነው። ጸጋዬ ይህን ሰው መድረክ ላይ ሲያወጣው ምን አደረገው? ጉዞውን ከዚህ ጥያቄ ብትጀምሩት አዲስ አበባም አምቦም ስትደርሱ የምታዩት ነገር ይኖራችኋል። አለበለዚያ ሐውልትና መቃብር ፎቶ አንስቶ መመለስ ነው።

መንገዱን እንዲህ አስቡት። አንድ ሙሉ ቀን ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አምቦ። ጊዜ ያለው ሰው ደብረ ታቦርን መሀል ያስገባል።

መጀመሪያ መጽሐፉን ያዙ

ሳያነቡ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ሁሉንም አንብቡ ግን አልልም። ጸጋዬ ብዙ ጽፏል፤ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝንም ወደ አማርኛ አምጥቷል። ለዚህ ጉዞ ሁለት ተውኔት ይበቃል። አንዱ «ቴዎድሮስ» ነው፤ ሌላው «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»። ታሪካዊ ተውኔቶቹ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ስለታተሙ ሁለቱንም አንድ ላይ ማግኘት ትችላላችሁ። ግጥሞቹን ለሚወድ «እሳት ወይ አበባ» ይጨመር፤ ቦርሳ አይከብድም።

ስታነቡ ድምፅ አውጡ። የጸጋዬ አማርኛ በዓይን ብቻ ሲነበብ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ሰው በሦስተኛው ገጽ የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ለተዋናይ አፍና ሳንባ የተጻፈ ነገር ነው። ከፍ አድርጋችሁ ስትሉት ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ራሱ ይነግራችኋል። የግጥም ተማሪዎች «የጸጋዬ ቤት» ብለው በስሙ የሚጠሩት የስንኝ ምት አለ፤ ጆሯችሁ ቶሎ ይለምደዋል።

ከዚያ ደብተር አዘጋጁና ገጹን መሀል ለመሀል በመስመር ክፈሉት። በግራ በኩል ተውኔቱ ስለ አንድ ቦታ ወይም ሰው የሚለውን ጻፉ። በቀኝ በኩል የቦታው ሰዎች የሚሉትን። ሁለቱን አታቀላቅሉ። ጸጋዬ ታሪክ አስተማሪ አይደለም፤ ለመድረክ የሚያስፈልገውን ወስዶ የማያስፈልገውን የሚተው ጸሐፊ ነው። የት ላይ እንደተለያዩ ስታዩ ነው ሰውየው የሚገባችሁ።

ሕይወቱን በአጭሩ ያዙት። ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ተወለደ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ወር ገደማው ነበር። አባቱ ኦሮሞ ናቸው፣ እናቱ የአንኮበር አማራ። በልጅነቱ ግዕዝ ተማረ። አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት ጃንሆይ በተገኙበት ታየ። ከዚያ አዲስ አበባ ዊንጌትና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ፣ ቀጥሎ ቺካጎ ሄዶ ሕግ ተማረ። ሕጉን ተወና ለንደን ሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ደግሞ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትር ሥራ ሲያይ ቆየ። ተመልሶ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን ቤት በጥበብ ኃላፊነት መራ። በ29 ዓመቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ወሰደ። ደርግ አሰረው፤ ሥራውም ታግዶበታል። በመጨረሻ ለኩላሊት እጥበት ኒው ዮርክ ሄደ፤ እዚያው የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. አረፈ።

ጎንደር፣ ሙሉ ቀን

ቀኑን ስትመርጡ ጥምቀትን አስወግዱ። ለጥምቀት ራሱ ኑ፤ ለጸጋዬ ግን አይሆንም። አልጋ አይገኝም፣ ባጃጁ ዋጋ ይሰቅላል፣ ረጋ ብሎ የሚያወራችሁ ሰው አታገኙም።

ጠዋት ከሐውልቱ ጀምሩ። ቶሎ አትለፉት። አካባቢው ላይ ያለውን ሊስትሮ፣ ባጃጅ ሹፌር፣ ሎተሪ አዟሪ ጠይቁ። «ይሄ ሰውዬ ለናንተ ምንድን ነው?» በሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩ። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ጀግንነቱን ይነግራችኋል። ዕድሜ ጠና ያሉት ዘንድ ስትሄዱ ወሬው ይለወጣል። «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ብላችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ እንጂ ቆማችሁ አትጠይቁ። ቀረጻ ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። ስልኩን አፋቸው ላይ መደቀን ደግሞ ነውር ነው።

ከዚያ ፋሲል ግቢ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቴዎድሮስ ነግሦ ግቢው ውስጥ አልኖረም። ዘውድ የጫነው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ነው። መቀመጫው ደብረ ታቦር፣ በኋላም መቅደላ ሆነ። ታዲያ ግቢው ለምን ያስፈልጋል? ባዶነቱን ለማየት። በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ እዚህ ግንብ ውስጥ በስም ተቀምጠው ነበር፤ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በየጁዎቹ ራሶች እጅ ነበር። ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ከቋራ ተነስቶ ይህን ሁሉ ሲገለባብጥ የተነሳበት ቁጣ ከዚህ ይጀምራል። አስጎብኚዎች ስለ ፋሲል፣ ስለ ኢያሱና ስለ ምንትዋብ ብዙ ያወሯችኋል፤ ደስ ይላል። እናንተ ግን ስለ መጨረሻዎቹ የስም ነገሥታት ጠይቁ። ብዙ ጎብኚ የማይጠይቀው ነው፤ ጥሩ አስጎብኚ ይደሰትበታል።

ስለ ቴዎድሮስ እናትም ጠይቁ። ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ተቸግረው ጎንደር ላይ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የምትለዋ ስድብ ሰውየውን ዕድሜውን ሙሉ ተከትላዋለች። ጸጋዬን የሚያነብ ሰው ይህችን ስድብ ኪሱ ውስጥ ይያዛት። ሥራዎቹ ውስጥ የተናቀ ሰው ሲነሳ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ትጠቁማለች።

ከምሳ በኋላ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ። እዚህ ቀኑ ከባድ ይሆናል። ቴዎድሮስ ከጎንደር የወሰደው ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጽሐፍ መቅደላ ላይ ሊያሠራው ላሰበው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ሲሠዋ እንግሊዞች ሀብቱን በ15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ። የጎንደር መጻሕፍት በመቅደላ በኩል ለንደን ገቡ ማለት ነው። ቄሶቹን ስታነጋግሩ «መምሬ» ወይም «አባ» በሉ፤ በቅዳሴና በማኅሌት ሰዓት አትጠይቁ። ቴዎድሮስን የሚረግም ካህን ብታገኙ አትከራከሩት። ጽፋችሁ ያዙ፤ የቀኝ ገጻችሁ እየሞላ ነው። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው ጉዞ ይህን ግማሽ ቀን አስበልጣለሁ። አንድን ንጉሥ ከፍ አድርጎ የጻፈን ደራሲ ንጉሡ በበደላት ከተማ ቆሞ እንደ ማንበብ ያለ ፈተና የለም። ተውኔቱ ፈተናውን ያልፋል ወይስ ይወድቃል የሚለውን እናንተው ፍረዱ።

በአታንም አትለፉ። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ዝማሬና ሽብሸባ፣ ምስክር ቤት ነው፤ ሊቃውንት ተምረው የሚመሰክሩበት። የማኅሌት ሌሊት ካጋጠማችሁ ግቡና የሊቃውንቱን እግርና መቋሚያ እዩ። ማን መቼ ይነሳል፣ ማን ይመራል፣ ማን ይቀበላል፣ ከበሮው የት ይከብዳል? ጸጋዬ ለንደንና ፓሪስ ያየውን መድረክ ሁሉም ያወራል። ከዚያ በፊት በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው መሆኑን ግን እንረሳለን። ለማስረጃ የተውኔቶቹን ርእስ ደርድሩ። «ሀሁ በስድስት ወር»፣ «አቡጊዳ ቀይሶ»፣ «መልእክተ ወዛደር»። የኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ ሀሁ ይላል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል። አብዮት ሲጽፍ እንኳ በአብነት ትምህርት ቤት ቅደም ተከተል ነው የጻፈው። የቆሎ ተማሪ ካገኛችሁ እነዚህን ሦስት ርእሶች ንገሩትና ፊቱን እዩ፤ ወዲያው ይገባዋል።

ሲመሽ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጎሃ ሆቴል ውጡ። ከተማዋ ከነግንቦቿ ከታች ትታያለች። ቢያንስ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ የተውኔቱን የመጨረሻ ትዕይንት ተከፋፍላችሁ አንብቡ። አንድ ሰው ቴዎድሮስን፣ አንድ ሰው የቀሩትን፣ አንድ ሰው ደግሞ የመድረክ መግለጫውን። የሰው ዓይን የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ቡና አዝዛችሁ ጥግ ያዙ። ጃኬት አትርሱ፤ ነፋሱ አይጣል ነው።

መንገዱ ከፈቀደ ደብረ ታቦር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። ከደብረ ታቦር ወጣ ስትሉ ጋፋት ነው፤ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ለቴዎድሮስ መድፍ የሠሩበት። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ሰው እየጎተተው መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ጋፋት ላይ ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቁ። ቦታው የሚጠቅመው መንገዱን ለመገመት ነው፤ ያን ብረት በዚህ ዳገት ጎትቱ ያለ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እግራችሁ ይነግራችኋል።

መቅደላ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው። መግቢያው በወሎ፣ በደሴና በተንታ በኩል ነው፤ የእግር መንገድ አለው። ከዚህኛው ጋር አትደርቡት።

ስለ መንገድ ደኅንነት በግልጽ ልናገር። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ከዚያ መድረሻችሁ ላይ ያለ የምታውቁትን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የሁለቱ ወሬ ካልገጠመ ቅሩ። ደብረ ታቦር ቢቀር ጉዞው አይበላሽም።

አዲስ አበባ

በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አቅም ካለ በአውሮፕላን ሂዱ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ የ«ቴዎድሮስ»ን ደራሲ ፍለጋ መሄድም ደስ ይላል።

ከተማዋ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ። «ቴዎድሮስ» መጀመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ጃንሆይ በተገኙበት ታየ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መታወቂያ ያዙ፤ የተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካላችሁ ነገሩ ይፈጥናል። የእንግሊዝኛውን «ቴዎድሮስ» ያተመውን «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ብላችሁ ጠይቁ።

2. ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። ጸጋዬ የተቀበረው እዚህ ነው። «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር»ን የመሠረቱት ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚሁ ቅጥር ውስጥ ናቸው። መግቢያ ትከፍላላችሁ። መቃብሩን ራሳችሁ ከመፈለግ ጥበቃውን ወይም ዲያቆኑን ጠይቁ።

3. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ። «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን እዚህ አውጡ። ጣሊያኖች አቡኑን የረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ከጸጋዬ ልደት ጋር አስተያዩት፤ መሀላቸው 19 ቀን ነው። ሐውልቱ ለባቡር መስመር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

4. ብሔራዊ ቴአትር። ጣሊያን ለሲኒማ ጀምሮት ለጃንሆይ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል በ1948 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የድንጋይ አንበሳም የዚያው በዓል ነው።

ሦስተኛው ላይ ጥቂት ልቆይ። ሁለቱን ተውኔቶች ጎን ለጎን የያዘ ሰው እዚህ ሲቆም አንድ ነገር ይገጥምለታል። ጸጋዬ የታሪክ ሰዎችን ሲመርጥ ጥግ የያዙትን፣ አንድ ሰዓት የቀራቸውን ይመርጣል። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ፣ ጴጥሮስ ጥይት ፊት። ሰው ምን ሠራ ከሚለው በላይ መጨረሻው ሰዓት ላይ ለራሱ ምን አለ የሚለው ያሳስበዋል። ለዚህ ነው ከሌሎቹ የቴዎድሮስ ጸሐፊዎች የሚለየው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ከሱ በፊት ቴዎድሮስን ለመድረክ ጽፏል፤ የጎንደር ልጅ የሆነው ብርሃኑ ዘሪሁን ደግሞ «የቴዎድሮስ እንባ»ን በልብ ወለድ ሰጥቶናል። ለማነጻጸር የሚፈልግ ከእነዚህ ይጀምር።

ብሔራዊ ቴአትር ደርሳችሁ ግድግዳውን አይታችሁ አትመለሱ። ፖስተሩን እዩ፤ የሚታይ ተውኔት ካለ ትኬት ቁረጡ። የጸጋዬ ባይሆንም ግድ የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጋረጃው ሲከፈት ማየት ብቻውን ትምህርት ነው፤ ይህን መድረክ ነበር አሥር ዓመት ያህል የመራው። ከቴአትሩ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አሉ። «የጸጋዬ አለህ?» በሉና ዋጋ ተከራከሩ። ስሙን ስትጠሩ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ መጽሐፍ አንስታችሁ አገላብጡ።

የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ ከውጭ ብታዩት ይበቃል። የኅብረቱ መዝሙር ግጥም የጸጋዬ ነው። ሕንፃው የቆመው «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ነው።

አምቦና ቦዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ያልፋል። በማለዳ ተነሱ፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል፣ ግን ማደሩ ይሻላል። እዚህም ያው ነው፤ ስለ መንገዱ ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጊንጪ አካባቢ ስትደርሱ መስኮቱን ክፈቱ። አዋሽ ከዚያ ደጋ ነው የሚነሳው። ጸጋዬ ስለ አዋሽ ጽፏል፤ ግጥሙን ያነበበ ሰው ወንዙ ገና ትንሽ ሆኖ ሲያየው ይገርመዋል።

አምቦ ላይ የምትፈልጉት ሰው እንጂ ሕንፃ አይደለም። የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ፤ ወደ ቦዳ የሚወስዳችሁ የአካባቢው ሰው እንዲያገናኟችሁ አድርጉ። ቋንቋውን የማትችሉ ከሆነ ኦሮምኛ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ሰላምታውን ግን ራሳችሁ በሉ፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ የገባና ዝም ብሎ በአማርኛ የጀመረ ሰው እኩል አይስተናገዱም። ስታመሰግኑ «ገለቶማ»። የደብተሩ ቀኝ ገጽ እዚህም ይሠራል። ጎንደር ላይ ስለ ቴዎድሮስ የጠየቃችሁትን እዚህ ስለ ጸጋዬ ጠይቁ፤ «ለናንተ ምንድን ነው?»

ሽማግሌዎች ቤት ስትገቡ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስኳርና ቡና ይበቃል። ገንዘብ ማውጣት ግን ያስቀይማል።

ከዚያ በኋላ ፍል ውኃው አለላችሁ። ወንጪ ሐይቅም ሩቅ አይደለም፤ ግን ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል፣ ከቦዳ ጋር አንድ ቀን ላይ ካጨቃችሁት ሁለቱንም አታዩም። ምርጫ ካስፈለገ ወንጪን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ መናኸሪያ ድረሱ፤ ሚኒባሱ ሲጨላልም እያነሰ ይሄዳል፣ ወያላውም ዋጋ ይቆልላል።